ግራፊክስ ካርድ ከመግዛት በፊት የኃይል ሴቲንጉ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስክሪናቸው ለሚንቀራፈፍባቸው አንባቢዎች የሰጠው ምክር ራም (ኮምፒውተሩ ለጊዜያዊ ሥራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) መጨመር፣ ካልሆነም አዲስ ግራፊክስ ካርድ (ምስል አዘጋጅቶ ወደ ስክሪን የሚልከው የኮምፒውተር ክፍል) መግዛት ነበር። ኮምፒውተር ለምንጠግን ሰዎች ይህ ምክር አልተዋጠልንም። ምንም ሳያስወጣ የሚታይ የኃይል ቁጠባ ሴቲንግ እያለ ቀጥታ ወደ ኪስ ገባ።

ግራፊክስ ካርድ ሥራ ሲያጣ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲሠራ ከ1500 ሜጋሄርዝ በላይ የሚሄድ ካርድ ሥራ ሲፈታ ወደ 200 ወይም 300 ሜጋሄርዝ ሊወርድ ይችላል፤ የሜሞሪው ፍጥነትም አብሮ ይወርዳል። ይህ ጥፋት አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ሙቀትም ይቀንሳል። ችግሩ ተመልሶ እስኪነሣ የሚወስደው ጊዜ ነው። 60 ሄርዝ ስክሪን (በሰከንድ 60 ጊዜ ምስል የሚቀይር) በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ 144 ሄርዝ ደግሞ በየ6.9 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ይጠብቃል። ካርዱ በዚያ ጊዜ ካላደረሰ የቀድሞው ምስል ይደገማል፤ ያ ነው ተቆራርጦ የሚታየን። ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያዝዘው ፕሮግራም) «ሥራው ቀላል ነው» ብሎ ካርዱን ዝቅተኛው ፍጥነት ላይ ካቆየው ደግሞ መጎተቱ ጨርሶ አያባራም።

ምልክቱን መለየት አይከብድም። ሳይነካ የቆየ ማውስ ሲንቀሳቀስ መጀመሪያ ይንገጫገጫል፣ ወዲያው ይስተካከላል። ከባድ ጌም ያለ ችግር እየሄደ ተራ የጽሑፍ መስኮት ይጎተታል (ራም ያነሰው ኮምፒውተር እንዲህ አያደርግም)። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ቻርጀር ሲሰካ ይጠፋል፣ ሲነቀል ይመለሳል።

ለማረጋገጥ አንድ ስሪዲ ጌም በትንሽ መስኮት ከፍቶ ከጎን መተውና በሌላው መስኮት መሥራት ነው። ተጨማሪ ሥራ ተጭኖበት ስክሪኑ ከቀለለው ጥፋተኛው የፍጥነቱ መውረድ ነው። ቁጥሩን ማየት ለሚፈልግ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም ፍጥነቱን በሜጋሄርዝ ያሳያል። በዊንዶውስ ታስክ ማናጀር የሚታየው የካርዱ ጭነት ፐርሰንት ብቻውን ያሳስታል፤ በ300 ሜጋሄርዝ የሚታይ 80 ፐርሰንት በ1500 ከሚታየው 80 ፐርሰንት ጋር አንድ አይደለም።

ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰው በኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል «ማኔጅ ስሪዲ ሴቲንግስ» ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት ሞድ»ን ወደ «ፕሪፈር ማክሲመም ፐርፎርማንስ» ይለውጥ። ግን «ግሎባል» የሚለውን ትቶ «ፕሮግራም ሴቲንግስ» ላይ የሚጎተተውን ፕሮግራም ብቻ ይምረጥ። ለሁሉም ካደረገው ካርዱ ያለ ሥራም ይሞቃል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በኤኤምዲ በኩል መጀመሪያ የሚጠፋው «ራዲዮን ቺል» ነው፤ እንቅስቃሴ ሲያንስ በሰከንድ የሚሠሩትን ምስሎች ቁጥር ሆን ብሎ ይቀንሳል። ኢንቴል ላፕቶፕ ላይ «ፓነል ሰልፍ ሪፍሬሽ» ይፈተሽ። ምስሉ ሳይለወጥ ሲቆይ ስክሪኑ ከራሱ ሜሞሪ እያነበበ ያሳያል፤ ከዚያ ሲወጣ የሚዘገይበት ወይም ብልጭ የሚልበት ጊዜ አለ። በኢንቴል ግራፊክስ ኮማንድ ሴንተር «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ፓወር» ውስጥ ይገኛል፤ ለባትሪና ለቻርጀር ለየብቻ ስለሆነ ሁለቱም ይታዩ።

ዊንዶውስ ራሱም እጁ አለበት። ከ«ፓወር ኦፕሽንስ» ወደ «አድቫንስድ ፓወር ሴቲንግስ» ገብቶ «ፒሲአይ ኤክስፕረስ» ሥር ያለውን «ሊንክ ስቴት ፓወር ማኔጅመንት» «ኦፍ» ማድረግ ነው። ይህ ካርዱን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው መስመር እንዳያሸልብ ያደርጋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ግን ምርጫው አይታይም።

ሁሉንም ባንድ ጊዜ መቀየር ጥሩ አይደለም፤ የትኛው እንደፈታው ሳይታወቅ ባትሪው በከንቱ ይበላል። አንዱን ቀይሮ መሞከር፣ ካልሠራ ወደነበረበት መልሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ይሻላል። ድራይቨር እንደ አዲስ ሲጫን ሴቲንጎቹ ወደ መነሻቸው ሊመለሱ ስለሚችሉ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ማየት ነው።

ከኃይል ቁጠባ ጋር የማይገናኝ መዘግየትም አለ። ፎር-ኬ የተባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ስክሪን በኤችዲኤምአይ 1.4 (በቆየ የስክሪን ማገናኛ ደረጃ) ከተገናኘ ብዙውን ጊዜ ከ30 ሄርዝ አያልፍም፤ ቴሌቪዥን ላይ ደግሞ «ጌም ሞድ» ካልበራ ምስሉን የሚያዘገየው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። እነዚህን ከላይ ያሉት ሴቲንጎች አይፈቷቸውም።

ካርዱ በሙሉ ፍጥነቱ እየሄደ፣ ጭነቱም 100 ፐርሰንት አካባቢ ደርሶ፣ ስክሪኑ አሁንም የሚጎተት ከሆነ የዓምዳችሁ ምክር ትክክል ነው፤ ያኔ አዲስ ካርድ ይገዛ።

ከኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች