«ተ» ያለበት ሁሉ ፓሲቭ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሰሞኑን የእህቴን ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ሳስጠናት ደብተሯ ላይ «ዚ አክሲደንት ዋዝ ሃፕንድ» የሚል ዓረፍተ ነገር አየሁ። አጠገቡ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጓል። ለምን ስህተት እንደሆነ ግን አንድም ቃል አልተጻፈም። «አደጋው ተከሰተ አይደል እንዴ የሚባለው? ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው! «ተሰበረ» ዋዝ ብሮክን ሲሆን አይታለች፣ «ተከሰተ»ም ያው «ተ» አለው፣ ስለዚህ ዋዝ ጨመረችበት።

ይሄ የስንፍና ስህተት አይደለም። ልጅቷ አስባበት ነው የጻፈችው። ችግሩ «ተ» ያለበት ግስ ሁሉ ተደራጊ (ፓሲቭ) አለመሆኑን የነገራት ሰው አለመኖሩ ነው። «ተቀመጠ»፣ «ተማረ»፣ «ተቀበለ» እንላለን፤ አድራጊው ግን ራሱ ሰውየው ነው። አክቲቭን (አድራጊውን) ወደ ፓሲቭ መቀየር የሚሰጠው ግን እንደ ሒሳብ ቀመር ነው፦ ተሳቢውን ወደ ፊት አምጣ፣ በጊዜው ኢዝ ወይም ዋዝ ጨምር፣ ግሱን ወደ ፓስት ፓርቲሲፕል (እንደ ብሮክን ወዳለው ቅርጽ) ቀይር፣ ባለቤቱን ከባይ በኋላ አስቀምጥ። ቀመሩ ልክ ነው፣ እኔም በእሱ ነው የተማርኩት። ግን ከአማርኛችን ጋር የት እንደሚለያይ ካልተነገረን ደጋግመን እዚያው እንወድቃለን።

«በ»ን እንኳ እዩ። መስኮቱ በልጁ ተሰበረ፣ በድንጋይ ተሰበረ፤ ለሁለቱም «በ» ይበቃናል። እንግሊዝኛ ግን ለልጁ ባይ፣ ልጁ ለወረወረው ድንጋይ ዊዝ ይላል። ጊቭ ደግሞ ይብሳል። «መጽሐፍ ተሰጠኝ» ስል ባለቤቱ መጽሐፉ ነው፣ እኔ መጨረሻ ላይ ያለችው «ኝ» ነኝ። እንግሊዝኛው «አይ ዋዝ ጊቨን ኤ ቡክ» ብሎ እኔን ባለቤት ያደርገኛል። በአማርኛ «ተሰጠሁ» ብል ግን ራሴ ለሌላ ሰው ተላልፌ የተሰጠሁ ነው የሚመስለው።

ሌላው፣ ፓሲቭ ለምን እንደሚያስፈልግ አይነገርም። መልመጃው «ሰምዋን ስቶል ማይ ፎን» ይልና መልሱ ላይ «ባይ ሰምዋን» ካልተጻፈ ማርክ ይቀነሳል። ስልኬ ተሰረቀ የምለው እኮ ሌባውን ስለማላውቀው ነው! «ማይ ፎን ዋዝ ስቶለን» ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እናንተም «ተገለጸ» ብላችሁ ርዕስ የምታወጡት ከገላጩ ይልቅ ወሬው ስለሚቀድም ነው፤ ልጆቹ ይህን ምሳሌ ቢያዩ ቶሎ ይገባቸው ነበር። መምህራን፣ እባካችሁ ከቀመሩ በፊት እንዲህ ያለውን አስቀድሙ።

ለእህቴ ልጅ በየግሱ «ምንን?» ብላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ብሮክ ምንን? መስኮቱን። ሃፕንድ ምንን? ዝም አለች። ከዚያ ላጲሱን አነሳችና ዋዝን አጠፋችው።

አንባቢያችሁ