ለእማዬ፦ ረቡዕ 4 ሰዓት

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአክስቴ ልጅ ነው። ኢርፎንም አብሬ ልኬልሻለሁ። ረቡዕ ረቡዕ በቪዲዮ ስለምታነጋግርሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ግን «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ትይኝና ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይሄዳል።

ባለፈው ረቡዕ ስልኩን ከፍቼልሽ ከክፍሉ ስወጣ የሰማሁት ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋ አለ። ባለሙያዋ ልጅ «እንዴት ሰነበትሽ?» አለችሽ። አንቺም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልሻት። እማዬ፣ የዚያኑ ዕለት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልጋው ጫፍ ቁጭ ብለሽ አይቼሻለሁ። የአባዬን ጋቢ ጭንሽ ላይ ታጥፊዋለሽ፣ ትዘረጊዋለሽ፣ ደግመሽ ታጥፊዋለሽ።

«ደህና ነኝ» ለጎረቤት ነው። ለዕድር ሰው ነው። ለእሷ ግን «ተመስገን» ካልሽ በኋላ ቀጥዪበት፤ «እንቅልፍ ግን የለኝም» በያት። ስለ ጋቢው ንገሪያት። ስለ ሐይቁም ንገሪያት። ከአባዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጣና ዳር እየሄዳችሁ ዓሣ ትበሉ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ጊዮርጊስ ልትሳለሚ ስትሄጂ እንኳን በሐይቁ በኩል አታልፊም። ለእኔ ይህን የነገርሽኝ እንደ ዋዛ ነው። ለእሷ ግን ትልቅ ነገር ነው፤ ሥራዋ የሚጀምረው ከእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ይህን የምልሽ እኔም ስላለፍኩበት ነው። ነግሬሽ አላውቅም። ከአባዬ ቀብር አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ገብቼ፣ በር ዘግቼ አለቅስ ነበር። እንዳንቺው በቪዲዮ ባለሙያ ማነጋገር ጀመርኩ። 3 ሳምንት ሙሉ ስለ ሥራ ብዛት ብቻ አወራሁ። በ4ኛው ሳምንት የአባዬን ስም ጠራሁ። ቀለል ያለኝ ከዚያ ወዲህ ነው።

የቤቱን ነገር ደግሞ እናስብበት። የእኛ ቤት በር ቀን ሙሉ ክፍት ነው፤ «ቤቶች!» ብሎ የማይገባ የለም። ባለፈው ጎረቤታችን ለቡና ልትጠራሽ ስትገባ ግቢ ውስጥ ቆሜ ነበር። ድምፅሽ ወዲያው ተለወጠ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጀመርሽው ነገር አልተመለስሽም። ጠቅላላው 50 ደቂቃ ነው። ከ4 እስከ 5 ሰዓት በሩን ቆልፊ። የሚያንኳኳ ካለ «ስልክ ላይ ነኝ» በቂ ነው። ኢርፎኑ የእሷን ድምፅ ይደብቃል እንጂ ያንቺን አይደብቅም። የተከራዮቹ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ወደ ውስጠኛው ክፍል ግቢ።

ስልኩን በእጅሽ አትያዢው። ባለፈው ልጅቷ የምታየው ግንባርሽንና ኮርኒሱን ብቻ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የስኳሩን ቆርቆሮ አስቀምጪና እሱ ላይ አስደግፊው። መስኮቱ ከፊትሽ ይሁን፤ ከኋላሽ ከሆነ ፊትሽ ይጨልማል። አንቺ ስታወሪ እጆችሽም ያወራሉ፤ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን ስትጠርጊም ታይሽ።

መብራት ከጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል። ስልኩን ማታ ቻርጅ አድርጊ፣ ዳታም ይኑርሽ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ እንዴት እንደነበርን ታስታውሻለሽ። ስለዚህ ቪዲዮው ቢቋረጥ በተራ ስልክ ማን ለማን እንደሚደውል ከአሁኑ ተነጋገሩ።

«ሰፈሬንና የጎረቤቴን ስልክ ለምን ጠየቀችኝ?» ብለሽኝ ነበር። ክፋት የለውም። እሷ ያለችው ሩቅ ነው። አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ቶሎ እንደሚደርስልሽ ማወቅ አለባት። ከዚያ በተረፈ የነገርሻት ከእሷ አይወጣም። ለሕይወትሽ የሚያሰጋ ነገር ካልገጠመ በቀር፣ እኔ ልጅሽ ብጠይቃት እንኳን አትነግረኝም።

«አማኑኤል ሊወስዱኝ ነው እንዴ?» ያልሽው አንጀቴን በላው። አይደለም እማዬ። ሐዘን እብደት አይደለም። የንስሐ አባትሽንም ጠበልሽንም ተዪ ያለሽ የለም። እሷ መድኃኒት አታዝዝም፤ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከመሰላት የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ትልክሻለች። ያን ጊዜ እዚያው ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን።

«የልጅ ልጄ የምትሆን ልጅ አንቺ ትለኛለች» ብለሽ ለእኔ ከምታማርሪ ለራሷ ንገሪያት። «እርስዎ በይኝ» በያት። ያልገባሽን ጥያቄም «አልገባኝም»፣ ያልወደድሽውን «ይህንን አልወደድኩትም» በያት። አትቀየምም። ከ3 ወይም ከ4 ጊዜ በኋላም ልብሽ ካልከፈተላት ሌላ ባለሙያ እንፈልጋለን።

ሌሊት የሚመጣብሽን ነገር ጻፊው። በመሠረተ ትምህርት የተማርሽው ጽሕፈት አለ፣ የአባዬ ደብተርም መሳቢያው ውስጥ ባዶ ገጽ አለው። ረቡዕ ጠዋት አንብቢውና ከሁሉም የከበደሽን አንዱን መርጠሽ ከእሱ ጀምሪ። ብዙ ነገር ከተነሳ ሰዓቱ አይበቃም።

ስትጨርሺ ወዲያው ምጣድ አትጣጂ። ቁጭ በይ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከፈለግሽ አልቅሺ። የኔም ጥፋት እዚህ ጋ ነው። ሁለት ጊዜ አነጋገርሻት፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና ስልኩን ሳትዘጊ «ምን አለችሽ?» ብዬ አፋጠጥኩሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ረቡዕ አልደውልም። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፤ ያን ጊዜም ስለ ጤፍ ብታወሪኝ እሰማሻለሁ።

ጉልበትሽን ስሜ፣
ልጅሽ