ልጅ ወድቆ «አይታየኝም» ሲል

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹ ካንቺ ጋር ስለሚውሉ አንድ ነገር በደንብ እንድታውቂልኝ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ልጅ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ አልቅሶ፣ ወደ ጨዋታው ከተመለሰ በኋላ ድንገት ማየት ሊያቅተው ይችላል። ይህ የሚመጣው ከተመታ ከደቂቃዎች በኋላ ነው፣ አንዳንዴም ከሰዓታት። ትንንሾቹ «አይታየኝም» አይሉም፤ «መብራቱን ማን አጠፋው?» ይላሉ፤ ፊታቸው ያለውን ኩባያ በዳበሳ ይፈልጋሉ። እየተጫወተ ነው ብለሽ እንዳታልፊው።

ዓይኑ አልተጎዳም። የምናየውን የሚተረጉመው የአንጎል ክፍል ከማጅራት ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ ለጊዜው ሥራ የሚያቆመው እሱ ነው። ግንባር መመታትም ያመጣዋል፤ ኳስ በቴስታ የመቱ ተጫዋቾች ላይ ማይግሬን (ከባድ የራስ ምታት) የመሰለ እንዲህ ያለ ሕመም እንደሚነሣ እ.ኤ.አ. በ1972 ተጽፏል።

ትንሽ ባትሪ ከጎን ወደ ዓይኑ አምጪና ብሌኑን ተመልከቺ። ልጁ ብርሃኑን ባያየውም ብሌኑ ጥብብ ይላል፤ ብሌንን የሚያዘው ነርቭ ወደ ኋላው አንጎል ሳይደርስ ስለሚለይ ነው። አንዱ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ወይም አንድ ዓይን ብቻ ማየት ካቆመ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የነርቭ ጉዳት ወይም የደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል።

አብዛኞቹ ልጆች በሰዓታት ውስጥ፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት፣ ሙሉ በሙሉ ያያሉ። እማዬ፣ ይህ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ለመጠበቅ አይሆንም። የአንጎል ደም መፍሰስም ሲጀምር እንዲሁ ሊመስል ይችላል፤ የሚለየው ሐኪም ነው። ወደ ሆስፒታል ውሰጂው፤ መንገድ ላይ ማየት ቢጀምርም አትመለሺ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ ስትቀሰቅሺው አልነቃ ካለ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወጣ አምቡላንስ ጥሪ።

እስከዚያ ብቻውን አይራመድ፤ ዳግመኛ ይወድቃል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጪው፣ ደም መፍሰስ ያባብሳሉ። ሐኪም እስኪያየው ምግብም ይቆይ። እጁን ያዢው፤ ሳትነኪው በፊት ምን ልታደርጊ እንደሆነ ንገሪው፣ ባዶ ጨለማ ውስጥ የሚነካው እጅ በጣም ያስፈራዋል።

የወደቀበትን ሰዓት፣ የተመታበትን ቦታ፣ ማየት ያቆመበትን ሰዓት፣ ስንት ጊዜ እንዳስመለሰው ወረቀት ላይ ጻፊና ለሐኪሙ ስጪ። እኔን ለመጠየቅ ብለሽ ግን አትዘግዪ፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ድረሺ፣ ከዚያ ደውዪልኝ።

የምትወድሽ ልጅሽ