ስለ ሪፐብሊካን ሴቶች ክለብ

ሰላም አዘጋጅ፣ እዚህ ቨርጂኒያ ስላሉት የሪፐብሊካን ፓርቲ ሴቶች ክለቦች ሰው ሲያወራ ሻይ እየጠጡ ሰው የሚያሙ ሴትዮዎች ነው የሚያስመስለው፣ አባል ነኝና እስቲ ልናገር። ክለቦቹን የሚያሰባስበው ብሔራዊ ፌዴሬሽን በፈረንጆቹ ከ1938 ጀምሮ ያለ ነው። እኛ በየወሩ እንሰበሰባለን፣ ለካውንቲ ቦርድ (የወረዳ ምክር ቤት በሉት) የሚወዳደር መጥቶ ስለ ፕሮፐርቲ ታክስ (የቤትና የንብረት ግብር) ላቡ ጠብ እስኪል እንጠይቀዋለን፣ ምርጫ ሲደርስ ቤት ለቤት እያንኳኳን ፍላየር እናድላለን፣ የምርጫው ቀን ደግሞ ሳምፕል ባሎት (የፓርቲያችን እጩዎች የተጠቆሙበት የናሙና ድምፅ መስጫ ወረቀት) ይዘን ጣቢያው ደጅ ብርድ ላይ የምንቆመው እኛው ነን። አባል ለመሆን ፎርም ሞልቶ መዋጮ መክፈል ነው፣ ወንዶችም አሶሼት (ተባባሪ አባል) ሆነው ይገባሉ፣ ድምፅ ግን የላቸውም (ባሌ ይሄን ሰምቶ ቀረ!)። የሚያናድደኝ የኛ ሰው ነው፣ ቡና ላይ ስለ ታክስና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ሲያማርር ያመሻል፣ ና ሲባል ግን "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ"። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ማዳመጥ ይቻላል እኮ፣ ማንም አይጠይቃችሁም።