ግልጽ ደብዳቤ ለጤና ሚኒስትር፦ የሴት ሐኪሞች ዕረፍት በመመሪያ ይጻፍልን

ለክብርት ዶክተር መቅደስ ዳባ
የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የጤና ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ክብርት ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ።

በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ የማገለግል፣ ሬዚደንቶችንም፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን እየሠሩ የሚሠለጥኑ ሐኪሞችን፣ የማስተምር ሴት ነኝ። እርስዎ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነዎት፤ ከእርስዎ በፊት ወንበሩን የያዙት ዶክተር ሊያ ታደሰም እንዲሁ ነበሩ። ማዋለጃ ክፍል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል፣ ሁለት እናቶች በአንድ ጊዜ ደም ሲፈሳቸው ተረኛዋ ሬዚደንት ወዴት እንደምትሮጥ የሚያውቅ ሰው ሚኒስቴሩን እየመራ ነው። ስለዚህ ዲዩቲ (ሌሊቱን ጭምር የሚሠራበት የተረኝነት ሥራ) ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ጊዜዎን አልወስድም። የምጽፍልዎ ስለ ሴት ሐኪሞች የሥራ ዝለት፣ ስለ ዕረፍታቸውም ነው።

በሙያችን በርንአውት የምንለው ይህ ዝለት ከተራ ድካም ይለያል። ተራ ድካም አንድ ሌሊት በደንብ ሲተኙ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው 11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ በሦስት ነገሮች ይገልጸዋል፦ አቅም ተሟጥጦ ማለቅ፣ ልብ ከሥራው መራቅና ሥራውን መጥላት፣ እንዲሁም «የምሠራው ነገር ዋጋ የለውም» የሚል ስሜት። እኔ እነዚህን ምልክቶች በተማሪዎቼ ላይ አይቻቸዋለሁ። በሽተኞቿን በስማቸው ትጠራ የነበረች፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ሳይቀር የምታውቅ ሬዚደንት «አልጋ ሰባት ምን ሆነ?» ማለት ትጀምራለች። ሰው ሲሞትባት ለብቻዋ ወጥታ ታለቅስ የነበረችው፣ የሞት ማስረጃውን ሞልታ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ቀጣዩ አልጋ ታልፋለች። ቆይታ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ የለፋችበትን ሙያ ትታ ሌላ ነገር ብትሠራ እንደሚሻላት ታወራለች። ይህን የምትለው ሰነፏ አይደለችም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ጎበዟ ናት።

ድርጅቱ ይህን ሁኔታ በሽታ ብሎ አልመደበውም። በአግባቡ ካልተያዘ፣ ሥር ከሰደደ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ክስተት ነው ያለው። ምንጩ የሥራ ቦታው ከሆነ ደግሞ መፍትሔውን ከሐኪሟ ጽናት ብቻ መጠበቅ ፍትሐዊ አይሆንም።

በቅርብ ዓመታት በየሆስፒታሉ ስለ ራስ እንክብካቤ ሥልጠና መሰጠት ጀምሯል። ደስ ይለኛል፤ እኛ ስንማር እንዲህ ያለ ነገር ማንም አንስቶልን አያውቅም። በአንዱ ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር። የተሰጠው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከተቀመጡት መካከል ብዙዎቹ ሌሊቱን ሲሠሩ አድረው፣ ጠዋት ራውንድ ዞረው፣ ማለትም በሽተኞችን በየአልጋቸው አይተው፣ በቀጥታ የመጡ ናቸው። አሠልጣኟ በቂ እንቅልፍ ተኙ፣ እንቢ ማለትን ልመዱ፣ ከሥራ ስትወጡ ስልካችሁን አስቀምጡ አለች። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነው። ከፊቴ የተቀመጠችው የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ግን ጋዋኗን እንደለበሰች፣ እስክሪብቶዋ በእጇ እንዳለ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ተኝታለች። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ እንደገና ተረኛ ናት። ያች ልጅ እንቅልፍ እንደሚያስፈልጋት የሚነግራት ሰው አላጣችም፤ «ሂጂ ተኚ» ብሎ የሚያሰናብታት መመሪያ ነው ያጣችው።

ክብርት ሚኒስትር፣ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጎ ነበር። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ሬዚደንቷ ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ገብታ፣ ቀኑን ዋርድ (የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል) ስትሠራ ውላ፣ ሌሊቱን ድንገተኛ ክፍል አድራ፣ በማግስቱም እስከ ምሽት ስትቀጥል ያለ ዕረፍት 36 ሰዓት ገደማ ትሠራለች። የሳምንቱ ሥራ በአንድ ዲዩቲ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ይህች ሐኪም ሲያስፈልግ ተማሪ ናት ትባላለች፣ ሲያስፈልግ ሠራተኛ፤ የሁለቱም መብት ግን በየመሐሉ ያመልጣታል።

ይህ የምቾት ጥያቄ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥርሳችንን ነክሰን እናልፈው ነበር። ነገር ግን የበሽተኛ ሕይወት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚስተካከል አሳይቷል። ለ24 ሰዓት ሲቆይ ደግሞ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ፣ ቦስተን ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተደረገ ጥናትም፣ በተለመደው ረጅም ዲዩቲ የሠሩ ኢንተርኖች (ጀማሪ ሐኪሞች) ሰዓታቸው ባጠረበት ጊዜ ከፈጸሙት ይልቅ 36 በመቶ የሚበልጥ ከባድ የሕክምና ስህተት መፈጸማቸውን አረጋግጧል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንት የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ወስናለች። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ደግሞ በየ24 ሰዓቱ 11 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ያዛል። ሰክሮ የመጣን ሐኪም ማንም ኦፕራሲዮን ክፍል አያስገባም፤ ሌሊቱን ያልተኛችውን ግን «በርቺ» እያልን እናስገባታለን።

ወንዶቹ አይደክሙም ወይ የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ይደክማሉ። የምጠይቀው የሰዓት ገደብ ለእነሱም ነው። ልዩነቱ ያለው ከሆስፒታሉ በር ውጭ ነው። ወንዱ ባልደረባዬ ከዲዩቲ ሲገባ ልጆቹ «አባዬ ተኝቷል» ተብለው ዝም ይባላሉ። ሴቷ ስትገባ ልጆቹ የሚጠብቋት እሷን ነው። ሠራተኛዋ ሄዳ ከሆነ ምግቡም እሷን ይጠብቃል። ከገጠር ለሕክምና የመጣ ዘመድ ካለ ቤት የሚያርፈው እሷ ዘንድ ነው፤ ካርድ የምታወጣለት፣ ስፔሻሊስት የምታገናኘው፣ መድኃኒቱን የምትገዛለትም እሷ ናት። ለቅሶ ካልደረሰች «ዶክተር ሆና ኮራች» ትባላለች። የአክስቷ ደም ግፊት ከፍ ሲል እኩለ ሌሊት ላይ የሚደወለው ለእሷ ነው። ይህን የምናገረው ዘመድ አይጠጋን ለማለት አይደለም፤ በችግር መደጋገፋችን ከሁሉም የሚበልጥ ሀብታችን ነው። ሸክሙ በአንድ ትከሻ ላይ ብቻ ሲያርፍ ግን ትከሻው ይሰበራል።

በሆስፒታሉ ውስጥም ቢሆን ከሴት ሐኪም የሚጠበቀው ይለያል። በሽተኛው ችግሩን ሁሉ የሚያወራላት ለእሷ ነው፤ ጨርሳ መድኃኒት ስታዝለት ደግሞ «ዶክተሩ መቼ ነው የሚመጡት?» ብሎ ይጠይቃታል። አሜሪካ ውስጥ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ ሴት ሐኪሞች ከአንድ በሽተኛ ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ከወንዶቹ በ16 በመቶ እንደሚበልጥ አግኝቷል። ይህ ትርፍ ጊዜ እንክብካቤ ነው፤ በማንም የሥራ መዝገብ ላይ ግን አይጻፍም።

ስለ ጡት ማጥባት ሳልናገር አላልፍም። ሚኒስቴሩ ሕፃን ልጅ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ብሎ ያስተምራል፤ እኛም በሽተኞቻችንን እንመክራለን። አዋጅ 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤት እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናት የሚቆዩበት ቦታ እንዲያዘጋጅ ያዝ ነበር። አብራኝ የሠራች አንዲት ሐኪም ከወሊድ ፈቃድ ስትመለስ ጡቷን የምታልበው የጽዳት ዕቃ በሚቀመጥበት ክፍል፣ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ቁልፍ ስላልነበረው በአንድ እጇ በሩን ትይዛለች። ያለበችውን ወተት የምታስቀምጥበት ማቀዝቀዣ ባለመኖሩ አብዛኛውን ትደፋዋለች። ሌሊት ስትጠራ ደግሞ ጡቷ ወጥሮ፣ ጋዋኗ ርሶ ወደ በሽተኛ ትሮጣለች። ብዙም ሳይቆይ ልጇን ጡት አስጣለች። ከዚያ በኋላ በዋርዱ ውስጥ ስለ ጡት ማጥባት እናቶችን ማስተማር እንዳቃታት የነገረችኝ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ነው።

ለታናናሾቼ ስለ ወሰን የምነግራቸው ነገር አለኝ። ከዲዩቲ በኋላ ያለውን እንቅልፍ እንደ ቀጠሮ ያዙት፤ ቤተሰባችሁን ቀድማችሁ አሳምኑ። ለዘመድ የሕክምና ጥያቄ የምትመልሱበት ሰዓት ይኑራችሁ፤ ድንገተኛ ከሆነ ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ከባድ ሞት ያያችሁ ቀን ለአንድ ሰው ሳትናገሩት አትደሩ። ምግብ ሳትበሉ ራውንድ አትጨርሱ። በቴሌግራም የተላከላችሁን የራጅ ፎቶ ሁሉ በዚያው ደቂቃ የማየት ግዴታ የለባችሁም። እነዚህ ነገሮች እኔን በሙያው አቆይተውኛል፤ ዛሬም እመክራለሁ።

ነገር ግን አንዲት ሬዚደንት በግሏ «ዛሬ አልችልም» ስትል ያ ዲዩቲ አይጠፋም። ባልደረባዋ ላይ ይወድቃል፤ ባልደረባዋም ብዙ ጊዜ ሴት ናት፣ ምናልባትም ነፍሰ ጡር። ስለዚህ እንቢ ያለችው በጥፋተኝነት ስሜት ትብሰለሰላለች፤ ሁለተኛ አትሞክረውም። በሲኒየሮቹ ዘንድም «ደካማ» የሚል ስም ይወጣላታል። የአንድ ሰው ወሰን ሌላውን የማይጎዳው የተራ ሰሌዳው ሲወጣ ጀምሮ የታሰበበት ከሆነ ብቻ ነው። የተራ ሰሌዳውን ደግሞ የሚገዛው የእናንተ መመሪያ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ነው። አንድ ሐኪም ሳያቋርጥ የሚሠራበት የሰዓት ጣሪያና ከዲዩቲ በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት በመላ አገሪቱ በአንድ መመሪያ ይወሰን፤ በክፍል ኃላፊው በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሌሊት ሥራ እንዳትመደብ ይከለክላል። ይህ ጥበቃ በመንግሥት ሆስፒታል ለምትሠራ ሐኪምና ለሬዚደንት በግልጽ ይጻፍ፤ የቀረው ተራም ተጨማሪ ሰው ተመድቦለት ይሸፈን እንጂ በጓደኞቿ ላይ አይጫን። ሆስፒታሎች ሲመዘኑ ቁልፍ ያለው የሴቶች ተረኛ ክፍልና ማቀዝቀዣ ያለው የማጥቢያ ክፍል ከመመዘኛዎቹ መካከል ይግቡ። የሥነ ልቦና ድጋፍን በተመለከተ ደግሞ አንዲት ሬዚደንት ጭንቀት ሲይዛት መምህሮቿና የክፍል ጓደኞቿ በሚሠሩበት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካርድ አታወጣም፤ ማንም አያወጣም። የአንዱ ሆስፒታል ሐኪሞች በሌላው ሆስፒታል፣ ምስጢራቸው ተጠብቆ የሚታከሙበት ስምምነት ሊዘጋጅ ይችላል። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ሐኪም አይበቃንም የሚለውን መልስ እጠብቃለሁ። ለ10 ሺህ ሕዝብ አንድ ሐኪም ገደማ ባለበት አገር ጭንቀቱ ይገባኛል። ሆኖም ተመርቀው የሥራ መደብ አጥተው ቤታቸው የተቀመጡ ጠቅላላ ሐኪሞች ባሉበት፣ ተቀጥረው ያሉትን እስኪወድቁ ማሠራት እጥረቱን አይቀንሰውም። ዝለው ሙያውን የሚተዉትንና አገር ለቀው የሚሄዱትን ተክተው ለማሠልጠን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የደመወዙ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ያነሱት ጥያቄ ከዕረፍት ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ ደመወዙ ወር አላደርስ ሲል ለዕረፍት የተሰጠው ቀን ለግል ክሊኒክ ይሸጣል።

ክብርት ሚኒስትር፣ ረቂቁ ሲዘጋጅ በዲዩቲ ላይ ያሉ ሴት ሬዚደንቶች፣ በክልል ሆስፒታሎች ብቻቸውን የሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የሚያጠቡ እናቶችም በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጡ። ስብሰባው ግን ከዲዩቲ በወጡበት ቀን አይሁን። መመሪያው የሚቀጥሉት ሬዚደንቶች ሥልጠና ከመጀመራቸው በፊት ቢደርስልን፣ አዲሶቹ ልጆች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በእሱ ይሠራሉ። እኔም ለሥራው ከተፈለግሁ ያለኝን ጊዜ ሰጥቼ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህርት