ስለ ጓሮው ቤት፣ ለእማዬ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ትንሿ «አያቴ ጋ መቼ ነው የምንሄደው» እያለች ታደርቀኛለች።

ባለፈው ጁምዓ ስለ ጓሮው ስታጫውቺኝ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን አልሰማሁትም። ደግሞ በስልክ አንቺን ማሸነፍ አይቻልም፤ «እሺ ልጄ፣ እሺ» ትይኝና ስልኩን ስትዘጊ ያሰብሽውን ትሠሪያለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። የጎረቤታችን ልጅ ያንብብልሽ። ብቻ ቡና ላይ አታስነብቢው፤ የገንዘብ ወሬ አለበት፣ በረካው ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል።

እታለም ከጅዳ የላከችውን ንድፍ አየሁት። አምስት የኪራይ ክፍል፣ ከአባዬ ቤት የኋላ ግድግዳ ተያይዞ እስከ ጥግ አጥር። በሰው አገር የሰው ልጅ እያሳደገች፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች ያጠራቀመችው ገንዘብ ነውና «አይሆንም» ልል ስል አፌ ይተሳሰራል። ግን በዚያ ንድፍ ሎሚዋ መሄዷ ነው። ቡና የምታፈይበት ጥላም አብሮ ይሄዳል። ከጓዳው በር እስከ አዲሱ ግድግዳ የሚተርፈው አንድ ሜትር ከምናምን ነው፤ ጀሪካን የያዙ ሁለት ሰዎች አይተላለፉበትም። እኔ የምለው ሦስት ክፍል ነው። ሦስት፣ ከዋናው ቤት ተነጥሎ፣ በኋላው አጥር በኩል፣ በራሱ መግቢያ።

«አንተ ደግሞ ጎጆ ሳይኖርህ ስለ ቤት ታወራለህ» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። አሥራ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ተከራይቼ ሰባት ቤት ቀይሬአለሁ። የማውቀውም ከዚያው ነው። አንዱ አከራዬ ማታ ስገባ ቀድሞኝ ገብቶ አምፖሉን በመዳፉ ይዳብስ ነበር፤ ቀን ሙሉ አብርቼ ሄጄ እንደሆን ከሙቀቱ ሊያውቅ። ሌላዋ ሽንት ቤቱን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ትቆልፈዋለች፤ ቁልፉ በትልቅ የእንጨት ቁራጭ ታስሮ ከራስጌዋ ነው የሚያድረው። ሆዴን ያመመኝ ሌሊት በሯን ቆሜ አንኳኩቼ የተናገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ክፉ ሴት አልነበረችም። ለዘጠኝ ሰው አንድ ጉድጓድ ሠርታ፣ ጉድጓዱ በየክረምቱ እየሞላ ያሳበዳት ሴት ነበረች።

ለዚህ ነው ከክፍሎቹ በፊት ሽንት ቤቱን የምለው። እታለም ንድፍ ላይ ሽንት ቤቱ ጥጉ ላይ እንደ ክብሪት ቀፎ ተሰክቷል፤ ለአምስት ክፍል አንድ። አምስት ክፍል ማለት ደግሞ ባልና ሚስቱ፣ ልጁ፣ እንግዳው ሲደመር ከአሥራ አምስት ሰው አያንስም። የእኛ መሬት ክረምት ላይ ውሃ እንደሚቋጥር አንቺም ታውቂያለሽ፤ አባዬ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ሲያስቆፍር ሐምሌ ላይ ግማሹ ውሃ ሆኖ አድሮ እንደገና በድንጋይ አስገንብቶታል። ስለዚህ የእታለም ብር መጀመሪያ መሬት ውስጥ ይግባ፤ ደህና አድርጎ የተገነባ ጉድጓድ፣ የመምጠጫ መኪና ቱቦው ሊደርስበት በሚችል ቦታ፣ ሁለት መቀመጫ፣ አንድ የገላ መታጠቢያ። ማንም አያየውም፣ ማንም «ማሻአላህ» አይልሽም። ኪራይሽን የሚያስከብረው ግን እሱ ነው።

ሁለተኛው ግድግዳው ነው። የአባዬ ቤት ጭቃ ነው፤ ባሕር ዛፉ፣ ማገሩ፣ ጭዱ እስከ ዛሬ ቀጥ ብሎ ያቆመው በደንብ ስለተመረገ ነው። ብሎኬት ብታጣብቂበት ግን አዲሱ ክብደቱ ሌላ ነውና በራሱ ጊዜ መሬቱን ተጭኖ ይቀመጣል፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ሁለቱ ጣራ የሚገናኝበት አሸንዳም ቅጠል በያዘ ቁጥር ውሃውን መልሶ አንቺ መኝታ ላይ ያፈሰዋል። ለዚህ ነው «ተነጥሎ» ያልኩሽ።

ሦስቱን ክፍል በተርታ፣ እያንዳንዱን ሦስት በአራት፣ ከፍታውን ሁለት ሜትር ከሰማንያ አድርጌ አሰላሁት። የበርና የመስኮቱን ቀንሼ፣ የሚሰበረውን ጨምሬ ወደ 1100 ብሎኬት ይወስዳል። ቆርቆሮው እዚያው ኮምቦልቻ ስለሚሠራ የማጓጓዣ አታወጪም። ኮርኒስ ግን እንዳይቀር፤ «ለተከራይ ምን ያደርጋል» የሚልሽ ግንበኛ ይኖራል። እኛ ደሴ አይደለንም፤ በሚያዝያ ቆርቆሮ ሥር ኮርኒስ የሌለው ክፍል ምጣድ ነው።

ስለ ምጣድ ካነሳሁ፣ መብራቱንም ልጨርስ። አንድ ቆጣሪ ላይ አራት ቤተሰብ ከተጫነ ሒሳቡ ተካፍሎ የሚቀል እንዳይመስልሽ፤ ብዙ በተፈጀ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ራሱ ከፍ ይላል። ቀጥሎ «ምጣድ የጣደው ማነው» የሚባል ጠብ ይመጣል፣ ቀጥሎ አንቺ አምፖል ዳባሽ ትሆኛለሽ። ለኋላው ቤት የራሱ ቆጣሪ ይጠየቅ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ቢሆንም ይጠየቅ። ውሃውም እንዲሁ፤ አንድ ሮቶ ለብቻቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አምስት ክፍል ቢሠራ አምስቱም ይያዛል ወይ? እታለም የምታስበው የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ሲመረቅ የነበረውን ጊዜ ነው። ያኔ ልጆቹ ከየገጠሩ እየመጡ ቤት ጠፍቶ ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ሲካፈሉ አይተናል። ግን ጥቅምት 2014ንም አይተናል። ጦርነቱ ገብቶ አንድ ወር ያህል ከተማዋ በሌላ እጅ ስትቆይ ፓርኩ ተዘረፈ፤ ያ ሳይጠገን አሜሪካ የአጎዋን ከቀረጥ ነፃ ዕድል አነሳችብን፤ ልጆቹም ወደየመጡበት ተበተኑ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲያስነጥሰው ተከራይ ጉንፋን የሚይዘው ከተማ ናት። ሦስት ክፍል አንዱ ባዶ ቢቀር ትችይዋለሽ። አምስት ሠርተሽ ሦስቱ ባዶ ቢቀር ግን በየማለዳው እያየሽው ትታመሚያለሽ፤ እኔ አውቅሻለሁ።

ስለ አያቴ ደግሞ ልናገር፤ በስልክ ያላነሳሽው እሱን እንደሆነ ገብቶኛል። ስለ ማከራየት ባወራን ቁጥር ድምፅሽ ዝቅ ይላል። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ አንቺ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። የደሴዎቹ ሦስት ክፍሎች፣ አያቴ በቅሎ ሸጦ የሠራቸው፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች ስለነበር ለቀበሌ ሄዱ። አንድ ጊዜ ስትነግሪኝ፣ ከዚያ በኋላ ሰውዬው ወደ ገበያ ሲወርድ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቶ በላይኛው ይዞር ነበር አልሽኝ። መዝጊያዎቹን ራሱ ነበር የቀባቸው፣ አረንጓዴ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ደሴ ስሄድ አሳይተሽኝ ነበር፤ ቀለሙ ተልጦ፣ የቀበሌ ቁጥር ተለጥፎበት።

እማዬ፣ «እንደገና ቢወስዱትስ» ለሚለው እኔ ዋስ መሆን አልችልም። ዛሬ ግን ግቢ ውስጥ ሠርቶ ማከራየት ወንጀል አይደለም፤ የሚያስጠይቀው ያለ ፈቃድ መሥራቱና ግብሩን መደበቁ ነው። ስለዚህ ካርታውን ከሣጥኑ አውጪና በማን ስም እንዳለ እዪው። አሁንም በአባዬ ስም ከሆነ ከሁሉ በፊት የወራሽነት ማስረጃ ወጥቶ ወደ ስምሽ ይዙር። ለዚህ እኔም እታለምም የሚፈለግብንን እንፈርማለን፤ በዚህ ላይ ተነጋግረናል፣ አታስቢ። ከዚያ የግንባታ ፈቃድ። «በሌሊት አቁመን ጠዋት ቀለም እንቀባዋለን» የሚል ደላላ ቢመጣ ቡና አጠጪውና ሸኚው።

ኪራዩ ላይ፣ በ2016 አዋጅ ቁጥር 1320 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ የምትቀበይው ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ በየወሩ እየተነሱ መጨመርም የለም። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰነው መሠረት ነውና የኮምቦልቻን ማዘጋጃ ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ። የኪራይ ገቢ ግብሩንም በዓመት አንድ ጊዜ እኔ መጥቼ አብሬሽ እከፍላለሁ፤ ሰልፍ ላይ አትቆሚም።

ገንዘቡ ካነሰ እታለም ባንክ እንበደር ብላለች። ወለድ እንደማትነኪ ነግሬያታለሁ። ከወለድ ነፃ በሆነው በኩል ሙራባሃ የሚሉት አለ፤ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ነግሮሽ በየጊዜው በሚከፈል ይሸጥልሻል። ሐላል ነው፣ ዕዳነቱ ግን ያው ዕዳ ነው። ሦስት ክፍል ከሆነ የእሷ ብርና የእኔ ዕቁብ ይበቃዋል፤ ጥር ላይ ይደርሰኛል።

አንድ የቀረኝ አለ፣ እንዳትቆጪ። አንቺ ኪራይ መጠየቅ አትችይም። የጎን ክፍሏን ለዚያች ከፓርኩ ለምትሠራው ልጅ ያከራየሽ ጊዜ አምስት ወር ሙሉ «ደሞዝ አልወጣላትም» እያልሽ እንጀራ ስትጨምሪላት ነበር። እኔ አልቃወምም፤ ቤቱ የአንቺ ነው፣ ልቡም የአንቺ። ብቻ ከአዲሶቹ ጋር ክፍያውን በባንክ ደብተርሽ እናድርገው፤ ብሩ ወደዚያ ይግባ፣ አንቺ ፊት ለፊት አትጠይቂ፣ እነሱም በርሽን ሲያልፉ አንገታቸውን አይድፉ። ቸግሮት የዘገየውን ራስሽ ታውቂዋለሽ፣ እሱን ለእኔም አትንገሪኝ።

መስከረም ጠብቶ መሬቱ ሲደርቅ እመጣለሁ። ግንበኛውን እኔ ሳልመጣ ቀብድ አትስጪው። ሎሚዋን ማንም እንዳይነካት። ለእታለምም እኔው እደውልላታለሁ፤ ታኮርፋለች፣ ሦስት ቀን አትቆይም።

ሲሚንቶው የሚቀመጠው የጎን ክፍሏ ውስጥ ነው። የዚያች ልጅ ሻንጣ እስከ ዛሬ እዚያ እንዳለ አይቻለሁ፣ ነጠላሽን አልብሰሽው። ሲሚንቶ አቧራው ልብስ ያበላሻልና ወደ አንቺ አልጋ ሥር አዛውሪው፤ ተመልሳ ብትመጣ ንጹሕ ሆኖ ታግኘው።

ዱአሽ አይለየኝ።

ልጅሽ