ፌስቲቫሉ ጥር ላይ አይሁን፣ ሽልማቱም ይቆይ

ይድረስ ለከተማችን ባህልና ቱሪዝም መምሪያ
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን። እዚህ ባሕር ዳር ፊልም የምንሠራ ልጆች በተገናኘን ቁጥር የምናነሳውን ጉዳይ ነው የምጽፍላችሁ። ከተማችን የራሷ የፊልም ፌስቲቫል ያስፈልጋታል። ግን ምን ዓይነት ፌስቲቫል? ይህን ከአሁኑ ብንነጋገርበት ይሻላል፤ ፌስቲቫል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ቀይ ምንጣፍ፣ ዋንጫና ከአዲስ አበባ የሚመጣ ታዋቂ ሰው ነው። እኛን የቸገረን ሌላ ነው።

እዚህ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። አብዛኞቻችን የምንኖረው በሰርግ ቪዲዮ ነው። ካሜራውም መብራቱም የተገዛው በሰርግ ብር ነው። ስለዚህ ጥር ሲገባ ማንም ማንንም አያገኝም። ካሜራማኑ ሰርግ ላይ ነው፣ ኤዲተሩ ቪዲዮ ለማድረስ እንቅልፍ የለውም። ሁዳዴ ሲገባ ግን አብዛኛው ሰርግ ይቆማል፣ ዕቃው ቁጭ ይላል፣ ሰዉም ጊዜ ያገኛል። አጫጭር ፊልሞቻችን የሚቀረጹት ያኔ ነው። አንዱ ካሜራ ያመጣል፣ ሌላው ማይክ፣ አንዷ ስክሪፕቷን ይዛ ትመጣለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ እሷ በተራዋ የካሜራማኑ ፊልም ላይ ድምፅ ትቀዳለች። ማንም ለማንም አይከፍልም። ወንፈል ነው በቃ፣ ገበሬው ለአጨዳ እንደሚገባው።

ችግሩ ይህ የሚሆነው በሚተዋወቁ ሰዎች መሃል ብቻ መሆኑ ነው። ጎንደር ያለ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ማን ጥሩ ድምፅ እንደሚቀዳ አያውቅም። ደብረ ታቦር ቁጭ ብላ ስክሪፕት የምትጽፍ ልጅ ብትኖር በምን እናገኛታለን? ወደ ዘጌ ለመሻገር እንኳን የጀልባ ኪራዩ ለአንድ ቡድን ይከብዳል። ሁለት ቡድን ተነጋግሮ አብሮ ቢሄድ ግማሽ በግማሽ ነበር።

የፊልም ዳይሬክተሩን ኃይሌ ገሪማን አስቡት፣ የጎንደር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሠርቶ ሲጨርስ አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍልለት አላገኘም። ከባለቤቱና ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤት ራሱ እየተከራየ በየከተማው አሳየው፤ የዚያ አገር ጥቁር ሕዝብም ወሬውን ለጓደኛ፣ ለጎረቤት እያዳረሰ አዳራሹን ሞላለት። እ.ኤ.አ. በ2009 ፌስፓኮ በሚባለው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ላይ በ«ጤዛ» ፊልሙ ትልቁን ሽልማት የወሰደው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ፌስፓኮ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1969 በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ ሲጀመር የፊልም ወዳጆች ተሰባስበው ያዘጋጁት ሳምንት ነበር። ዋናው ሽልማት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። መጀመሪያ ሰው ተገናኘ፣ ዋንጫው ቆይቶ ደረሰ። እኛም እንደዚያ እንጀምር ነው የምላችሁ።

እንግዲህ የምንለምነው ይህን ነው። ሦስት ቀን፣ ሁዳዴ ላይ፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ብታስፈቅዱልን። በጥር ሆቴሎቻችሁ በጥምቀት እንግዳ እንደሚሞሉ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በጾሙ ጊዜ ግን ቀዝቀዝ ስለሚል እንግዳ ብናመጣላቸው ለእነሱም ጥሩ ነው። ዝግጅቱ ቀን ቀን ይሁን፣ በዚህ ጊዜ አምሽቶ ወደ ቤት መግባት ለሁሉም ሰው ቀላል አይደለም። ጠዋት ያለቁ ፊልሞችን እናሳይ። ከሰዓት ግን ያላለቁትን። ይህን አደራ። ያላለቀ ፊልም ለማያውቁት ሰው ማሳየት ያስፈራል፣ ግን ተመልካቹ «እዚህ ጋ ሰለቸኝ» ቢል ገና ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል፣ ከተጠናቀቀ በኋላ የሚመጣ አስተያየት ለዚያ ፊልም ምንም አይጠቅመውም። ኤዲተር የሌለው ኤዲተር፣ ሙዚቃ የሌለው ሙዚቀኛ የሚያገኘውም እዚያው ነው።

የቀረጻ ፈቃዱንም ነገር አንድ በሉን። ከቢሮ ቢሮ ስንዞር ዕቃ ያዋሰን ሰው የሰጠን ቀን ያልፋል። አንድ ቦታ ተጠይቆ አንድ ደብዳቤ ቢያልቅ ትልቅ ውለታ ነው።

ለምክክር ስትጠሩን ደግሞ ዳይሬክተሮችን ብቻ አትጥሩ። ድምፅ የሚቀዳው፣ ሜካፕ የምትሠራዋ፣ ወደ ዘጌ የሚያሻግረን ባለጀልባም ይምጡ። ቀኑን ቀደም ብላችሁ ንገሩን፣ ከጎንደርና ከደብረ ታቦር የሚመጡትን እኛ ቤት እናሳድራለን።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር ፊልም ከሚሠሩት አንዱ